የጨሞጋ ነጫጭ ወፎች

ጣሊያናዊው ካፒቴን ነጩን የዘይት ቀለም በቢላዋ ጫፍ ጠቅ እያደረገ ሸራው ላይ ሲያሳርፍ፣ ከጀርባው ቆሞ ብሩሽ የሚያጥበው ደምለው እጁ ቀጥ አለ። ነጫጭ ጠብታዎቹ ስድስት ናቸው። ተከታትለው የጨሞጋን ወንዝ ይሻገራሉ።

ደምለው ቀና ብሎ እውነተኛውን ወንዝ አየ። ስድስት ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጫካ ላሉት አርበኞች ስንቅ አዝለው ማዶ ሊደርሱ ነው።

ካፒቴኑ አላወቃቸውም። ሲሥል መነጽሩን ያወልቃል፤ ነገሩን ትቶ ብርሃኑን ብቻ ለማየት። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፣ ለዚህ ሰውዬ ግን የሚገባለት ቀለም ብቻ ነው። ሴቶቹ ለእሱ ድንጋይ ላይ ያረፈች ፀሐይ ናቸው። ሥዕሉ ግን ዛሬ ማታ ደብረ ማርቆስ፣ ኮሎኔሉ ቤት ይሰቀላል። እዚያ ደግሞ አስተርጓሚው ባዘዘው አለ። ባዘዘው የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ የወንዙን መሻገሪያ ሁሉ ያውቃል፤ ጭነት ያዘለች ሴትን ከጠብታ ቀለምም ቢሆን ይለያታል።

ደምለው ፈራ። ቢሆንም ሃያ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን ሲሥል የኖረ እጅ አለው፤ እጁን ያምነዋል።

«ጌታዬ፣ ወፎቹ እኮ እግር የላቸውም» አለ።

ካፒቴኑ ዞረ። በአራት ዓመት አማርኛ ለምዷል። «የምን ወፎች?»

«እነዚህ ነጫጮቹ፣ የውሃ ወፎቹ። ከሰዓት በኋላ ከጨሞጋ አይጠፉም። እርስዎም አሳምረው አስቀምጠዋቸዋል፤ እግር ብቻ ነው የቀራቸው።»

ካፒቴኑ ዓይኑን አጥብቦ ሸራውን ተመለከተ። «እኔ ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ወፍ ይሻላል» አለና ቀጭኑን ብሩሽ አቀበለው።

«ጥቁር ቀለም ይስጡኝ።»

«ጥቁር የለም። ጥቁር ሥዕል ይገድላል ብዬሃለሁ።»

«እኛ ዘንድ ያለ ጥቁር መስመር መልአክም አይቆምም» አለ ደምለው። ከከረጢቱ የራሱን ጥላሸት አወጣ፣ በዘይት ለወሰው። ከእያንዳንዷ ጠብታ ሥር ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አወረደ፣ ከአናቷ ላይ ምንቃር ሰካ። ጎረቤቱ ወለተ ሐዋርያት ወፍ ሆነች። የኔዓለም ወፍ ሆነች። ዘንዶን ከነቅርፊቱ የሣለ እጅ ለወፍ እግር አይሰንፍም።

ካፒቴኑ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሳቀ። «እውነትህን ነው፣ ቆሙ።» ከዚያ ወደ ወንዙ ዞረ። «አንድ ቀርቶናል። ያውና፣ መካከል ላይ።»

ሰባተኛዋ ወደ ኋላ ቀርታ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። የደምለው ልጅ ሽታዬ ናት፤ አባት የልጁን አረማመድ አይስትም። ጧት አምበር ገበያ እሄዳለሁ ብላው ነበር የወጣችው። መዋሸቷ አናደደው፤ ንዴቱ ሳይበርድ ደግሞ ኮራባት።

ካፒቴኑ በሸራው ወንዝ መሀል አንዲት ነጭ ጠብታ አሳረፈና «እግሩን አንተ ሥራለት» አለው። እጁ ግን መነጽሩ ወዳለበት ኪሱ ገባ።

«ጌታዬ፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም? ቀረብ ብለው ይዩልኝ» አለ ደምለው፣ ድምፁን ሳይለውጥ።

ካፒቴኑ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሸራው ላይ ጎንበስ አለ። «ወፈር ይበል። እዚያ ጋ ውሃው ይገፋል።»

ደምለው በሌሎቹ ወፎች እንደተቻኮለው አልተቻኮለም። አንዱን እግር ሣለ። ሁለተኛውን ብሩሹን ተጫን አድርጎ እስከ ወንዙ ወለል አወረደው። ቀና ሲል ጨሞጋ ላይ ማንም የለም፤ ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ብቻ ይወዛወዛል።