አንድ ቤት፣ አንድ ማውስ

በዚያ ዘመን የቤት ዕቃ ሁሉ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ማውስ ነበር፤ ተጋቢዎችም ማውሱ ዕቃውን ወደ ላይ የሚያነሳበትን አንድ አቅጣጫ ለቤታቸው መርጠው ቀበሌ ያስመዘግባሉ። ዘሩባቤል ጌም ከለመደበት ጊዜ ጀምሮ ወደ ላይ ለመውጣት ማውሱን ወደ ራሱ ይስባል። ሙሽራይቱ ትሁት ደግሞ ወደ ፊት ትገፋለች። ስለሚወዳት የእሷን አስመዘገበ።

በሦስተኛው ሳምንት መደርደሪያውን ከፍ አደርጋለሁ ብሎ እንደ ልማዱ ማውሱን ወደ ራሱ ሲስብ ከወለሉ ጋር አላተመው። አራተኛው ብርጭቆ ተሰበረ።

«እጄ እንቢ አለኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ትሁት በነጋታው ቀበሌ ሄዳ ምርጫውን ወደ እሱ አስቀየረች።

«ሁለተኛ አይቀየርም» አላት ጸሐፊው።

«ይሁን።»

ቤት ገብታ መጋረጃውን ልትገልጥ ማውሱን ወደ ፊት ስትገፋ፣ ጭራሽ ወርዶ ቤቱን አጨለመው። ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ።

«ወደ ራስሽ ሳቢው እንጂ!» አላት።

ሳበችው። ፀሐይዋ ዘው ብላ ገባች።