ከድልድዩ ሥር አሥራ አንድ ጎጆ

ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲሚንቶ ከድልድዩ ሥር፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይዋሽ ነበር።

«ወፍ? የምን ወፍ? እዚህ እንቁራሪት እንኳ ከጠፋ ቆየ።»

የአካባቢ ተጽዕኖ ገምጋሚዋ ወጣት ናት። አሮጌው ድልድይ ፈርሶ አዲስ ከመሠራቱ በፊት፣ በዙሪያው ምን እንደሚጎዳ አይታ መመዝገብ ነው ሥራዋ። ቦቲ ጫማዋ ውሃ ገብቶበት በተራመደች ቁጥር ይንቦጫረቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ለልጅቱ ምን እያልካት ነው?» አለች ሚስቱ ከላይ። ብርድ ልብስ እግሯ ላይ ጥላ፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተሽከርካሪ ወንበሯ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ስለ ውሃው ነው!»

«ውሃውን ለራሱ ተወው፤ እሱ አይዋሽም።»

ሲሚንቶ የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ጥገና ላይ ሲሠራ፣ ስንጥቅ ካየ ሳይደፍን አያልፍም ነበርና እንዲያ አሉት፤ ስሙም ደርቆ ቀረ። ይህን ድልድይ ስንቴ እንደለጠፈው እሱና አምላኩ ናቸው የሚያውቁት። ዛሬ ግን ድልድዩ አቅም የለውም፤ ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና እንዳያልፍ የሚከለክል ሰሌዳ ቆሞበታል። አምቡላንሱ ከዚያ ይበልጣል። ሚስቱ ኩላሊቷ ከከዳት ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ትሄዳለች፤ እሱ እየገፋ ያሻግራታል፣ አምቡላንሱ ከማዶ ይቀበላታል። ባለፈው ወር ትንፋሽ ያጠራት ቀን፣ ገፍቶ እስኪያደርሳት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲሚንቶ የሚያስበው ስለ አዲሱ ድልድይ ብቻ ነው።

ልጅቱ የእጅ ባትሪዋን ወደ ላይ አበራች። በድልድዩ ሆድ፣ በረድፍ፣ ከጭቃ የተሠሩ ጎጆዎች ተለጥፈዋል።

«አባባ፣ ይሄስ?»

«ጎርፍ የለጠፈው ጭቃ ነው።»

«ጎርፍ እንዲህ አሳምሮ ይለጥፋል?»

ልጅቱ ጎጆዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ሄደች። ዘጠነኛው ጋ ስትደርስ ድንጋይ ላይ ወጥታ ጠርዙን በጣቷ ነካች። ግራጫ ነው። ይጠነክራል። በአውራ ጣት ተለስልሷል።

«ወፎቹ ሲሚንቶ ከየት ነው የሚያመጡት?»

ከላይ ሚስቱ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ሲሚንቶ ሳሉ እስኪያባራ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

«ትናንት ነው። አንቺ ስትመጪ ምንም እንዳታገኚ በእንጨት ላወርዳቸው መጣሁ። ገና ስነካው ይሄኛው ተገምሶ እጄ ላይ ወደቀ። ውስጡ አራት እንቁላል። እንቁላሉ ይሞቃል፣ ልጄ።» እጁን ዘርግቶ አየው። «ምን ላድርግ? ቤት ሮጬ ትንሽ ሲሚንቶ በጠበጥኩና መልሼ ለጠፍኩት። ሌላ ሙያ የለኝም።»

«እናትየዋስ ተመለሰች?»

«ሽቦ ላይ ቁጭ ብላ ስትሰድበኝ ቆይታ ገባች።»

ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ቀጥሎ የምትናገረው ግን አላሳቃትም። «እንቁላል ካለ፣ ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ ድልድዩ አይነካም። እነሱ ሲወጡ ደግሞ ክረምቱ ይገባል፤ ወንዙ ሞልቶ ሥራ አይሠራም። ጥቅምት ይሆናል፣ አባባ።»

«ባትጽፊውስ?»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ጥቅምት ሩቅ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእሷ ሩቅ ነው።»

«ጻፊው» አለች ሚስቱ። ሲያንሾካሹክ አርባ ዓመት የሰማች ሴት ናት፤ ድልድይ አይጋርድባትም። «አሥራ አንድ ብለሽ ጻፊ። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲጋመስ ይመጣሉ፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። እዚህ ተገትሬ መኪና ስጠብቅ ከነዚያ ጭራ መቀስ ወፎች በቀር ማን ያጫውተኛል? ይሄ እንደሁ መግፋት እንጂ ማውራት አያውቅበት።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። ለእኔ ብለህ ያንን እንቁላል ብትሰብር ኖሮ ግን፣ በየትኛው እጅህ ልትገፋኝ ነበር?»

ሲሚንቶ ቆቡን ጨመቀው፤ ደረቅ ቆብ ነው፣ የሚወጣው ነገር የለም። «ጻፊው በቃ» አለ።

ልጅቱ ጻፈች። ከዚያ ገጹን ገለበጠችና ወደ ላይ ጮኸች፦ «እማማ፣ ነዋሪዎች የሚል ክፍልም አለው። በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚሻገሩት?»

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ታዲያ እዚህ የተጎለትኩት ፎቶ ልነሳ መሰለሽ?»

ልጅቱ ረጅም ነገር ጻፈች። ሥራው እስኪጀመር አምቡላንስ የሚችል ጊዜያዊ መሻገሪያ ይሠራ የሚል ነበር፤ ለሲሚንቶ አነበበችለት። ሁለቴ አስደገማት።

ከማዶ የአምቡላንሱ ጥሩምባ ተነፋ። ሲሚንቶ ሱሪው ውሃ እያንጠባጠበ ዳገቱን ወጣ፣ ልጅቱም ተከተለችው። ወንበሩን ለመግፋት ማንንም አስጠግቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን አንዱን እጀታ ለቀቀላት።

«ቀስ» አላት። «እዚህ ጋ ጎድጓዳ አለ።»

«አንተ ነህ የደፈንከው» አለች ሚስቱ።

«የደፈንኩት ያኛውን ነው።»

ጫጩቶቹ በሰኔ መጨረሻ በረሩ። ሚስቱ ሐምሌ ሃያ ሰባት ቀን አረፈች። የጊዜያዊው መሻገሪያ ፈቃድ የመጣው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነበር። በቀብሯ ቀን መኪናው ከማዶ ቆሞ ጠበቀ፤ ጎረቤቶች በትከሻቸው አሻገሯት።