የሐረግ ዜማ

ድንኳኑ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ወንድማገኘሁ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ወዲያው ያፍራል። ማይክ ፊት ሲቆም የሚያደርጋት ነገር ናት።

ከሩቅ የመጣ ልጅ ገና ከመንገዱ «አባዬ! አባዬ!» እያለ መግባት አለበት። ድምፁ ሲሰማ ለቀስተኛው ይነሳል፤ ለቅሶው ካረፈበት ይታደሳል። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ አዳራሽ የሚሞላው ድምፁ ግን ዛሬ አንዲት «አባዬ» ማውጣት አቅቶታል። የመጀመሪያዋ ተሰባብራ ትቀራለች። ሁለተኛዋ አምራ ትወጣለች። ያቺ ናት ያስደነገጠችው።

ቀብሩ አምልጦታል። ከደሴ የተሳፈረበት ሚኒባስ ሹፌር ስላወቀው፣ አክብሮቱን ለመግለጽ እስከ አቀስታ ድረስ የእሱኑ ዘፈን እየደጋገመ አጫወተለት። ተሳፋሪው አብሮ ዘፈነ። ከዚያ ጎማ ፈነዳ። ወንድማገኘሁ አባቱን ሊቀብር እየሄደ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። ሲያጨበጭቡለት ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ።

ጋሽ አሕመድኑር፣ የአባቱ የሱቅ ጎረቤት፣ ከወንዶቹ መሃል ተነስተው ያቅፉታል።

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር። አላህ ሶብሩን ይስጥህ።» ወደ ጆሮው ጠጋ ይላሉ። «ወልደሩፋኤል እንዴት ይኮራብህ እንደነበር! ሰው ሱቅ ድረስ እየመጣ ‘ልጅህ የሚዘፍነው ምንድነው?’ ሲለው ‘አር ኤንድ ቢ ነው’ ይላል። ‘እሱ ደግሞ ምንድነው?’ ሲለው ‘ለቅሶ ነው፤ ብቻ ለኮረዳ የሚለቀስ’ ይላል።»

ሊስቁ ይሉና ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ይላቸዋል።

አባቱ ይህን ያሉት ለቀልድ ይሁን ነገሩን አውቀው፣ ከእንግዲህ የሚጠየቅ የለም።

በሴቶቹ በኩል አክስቱ አልጣሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አገሩ ውስጥ እንደሳቸው ሙሾ የሚያወርድ የለም። ልጃቸው ሐረግ የሞተች ጊዜ ቃል አልቆባቸው፣ ያለ ቃል ያወጧት አንዲት ዜማ አለች። ከላይ ትነሳና እየተሰበረች ትወርዳለች። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሬሳ አውጥተዋት አያውቁም። ያን ዕለት ወንድማቸው ወልደሩፋኤል እጃቸውን ይዘው «እኔንም በዚህችው አልቅሽልኝ» ብለው አስማሏቸው። ወንድማገኘሁ አጠገባቸው ነበር። ደረት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይቀዳ ነበር።

አዲስ አበባ ሲመለስ ዜማዋ ከሥሯ ቤዝ ገባባት፣ ከላይዋ ኪቦርድ፣ አፏ ላይ ደግሞ «ማሬ ስልክሽን አንሺው» የሚል ግጥም። ዩቲዩብ ላይ «ግጥምና ዜማ ወንዲ» ይላል። በለቀቃት ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ተመልካቹ ሲበዛ እንቅልፉ ተመለሰ።

«አክስትህ ጠዋት ቀብሩ ላይ አፋቸውን አልከፈቱም እኮ» ትለዋለች ጎረቤታቸው ሰገነት፣ ሕፃን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «ያልቅሱ እንጂ ስንላቸው ‘ልጁ ይምጣ’ ብቻ። አንተን ነው የጠበቁት።»

እትዬ፣ ያቺን አያውጧት ሊላቸው ይፈልጋል። ለምን ቢሉትስ?

አልጣሽ ይነሳሉ። ድንኳኑም አብሯቸው ይነሳል።

«ወንድሜ፣ ልጅህ መጣልህ!»

ከዚያ ያወጧታል። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ዜማዋ ግን ያችው ናት። ከላይ ተነስታ መሰበር ስትጀምር ወንድማገኘሁ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባው ይመጣል። አባቱ፣ ሱቁ በር ላይ ጨርቅ በክንዳቸው ሲለኩ ይታዩታል።

ከኋላ ከቆሙት ተማሪዎች አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካ ታደርጋለች። የአንዷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። «ማሬ ስልክሽን አንሺው።»

የሰገነት ልጅ ከእናቷ እጅ ሾልካ መሃል ትገባለች። ገና በቅጡ መራመድ የለመደች ናት። ዙሪያዋን ታያለች፣ ዜማዋን ታውቃታለች፣ ደስ ይላታል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትከሻዋን ትሰብቃለች።

«ነይ አንቺ! ነይ ውጪ!» ሰገነት ልትይዛት ትሞክራለች። ልጅቱ ጨዋታ መስሏት ታመልጣታለች።

ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለቅሶ ግን አይደለም። ጋሽ አሕመድኑር የድንኳኑን ጣሪያ ይመረምራሉ።

አልጣሽ ያቆማሉ።

«ተያት» ይሏታል ሰገነትን። «እሷ ምን አጠፋች?»

ልጅቱን ትንሽ ያዩዋታል። ከዚያ ወንድማገኘሁን።

«እትዬ...» ይላል።

«እትዬን ተዋት። ከባጃጁም ከሻይ ቤቱም ስሰማት ነው የከረምኩ። ስንቴ ጆሮዬን ይዤ ቤት ገባሁ! ልጁ ሲመጣ፣ ፊቱን ሳየው፣ ምናልባት ተመልሳ ለቅሶ ትሆንልኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁህ።» ቁጣ የለባቸውም። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። «ለአባትህ ምዬ ነበር። እንዳየኸው ነው፤ በኔ አፍ አልሆነችም።»

ወደ ቦታቸው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«በል አንተው አልቅስባት።»

ከለቀስተኛው የሚቀመጥ የለም። ወንድማገኘሁ አፉን ይከፍታል።

ልጅቱ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቀና ብላ ታየዋለች። እስኪጀምርላት ትጠብቃለች።