የሳፋው ውሃ

አናጢው የልቡ ምት መዛነፍ ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለት መድኃኒት ነበረው። መጀመሪያ ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ይውጣል። ቀጥሎ የሚስቱ እህት እንደመከረችው ትንፋሹን ይዞ ፊቱን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ይነክራል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ የእጁን አንጓ ትይዝና እስከ ሠላሳ ምት ትቆጥራለች።

«ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? አንዱ ቢሰበር በሌላው እንጠለጠላለሁ» እያለ ይስቃል ሁልጊዜ።

እሷ አትስቅም። ምቱ ካልተስተካከለ አንድ ቀን ድንገት ቀጥ ሊል እንደሚችል ሐኪሙ ለብቻዋ ነግሯታል።

ዛሬ ጠዋት ሳፋውን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፎጣ ልታመጣ ሄደች። ስትመለስ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ነክሯል።

«ምነው፣ ዛሬ ቀልድም የለ?» አለችና እጁን ይዛ መቁጠር ጀመረች። ምቱ አልዘለለም፤ አልተጣደፈምም። ሠላሳ ስትደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጤነኛ ሰው ልብ ይመታል።

«በቃ ቀና በል፣ የኔ ጌታ። ተስተካክሏል እኮ!»

ቀና አላለም።

ከመኝታ ቤት የአልጋው ሲጥሲጥታ ተሰማ፤ ቀጥሎም የባሏ ድምፅ።

«አንቺ፣ ምነው ሳትቀሰቅሺኝ? ክኒኔንስ የት አደረግሽው?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ከጣቶቿ ሥር ምቱ ሳይዛነፍ ቀጠለ፤ ሳፋው ውስጥ የተነከረውም ጭንቅላት ቀስ እያለ ቀና ማለት ጀመረ።