ዛሬ አንድ፣ ለፋሲካ ሁለት

ከዋሸሁ ምላሴን የጓሳ ቀበሮ ይጎትተው! በዚህ ታሪክ ላይ አንዲትም ነገር ከሆዴ አልጨመርኩም። የነገረኝ የመንደራችን ልጅ ነቢዩ ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ማስተርሱን የሚማር ነው እንጂ እንደኔ ከስምንተኛ ክፍል በመስኮት የወጣ አይደለም።

ብርዱ ራሱ ጋቢ ደርቦ በሚውልበት በጓሳ አፋፍ ላይ፣ ነቢዩ ሁለት ድንጋይ አራርቆ ቆሞ ይጮኻል። «ዛሬውኑ አንድ ሸክም ሳር የሚፈልግ ወደዚህኛው ድንጋይ! ለፋሲካ ሁለት ሸክም የሚፈልግ ወደዚያኛው!» የቤት ክዳን ሳሩን ከሞላሌ ገበያ ገዝቶ በአህያ አስጭኖ ነው ያመጣው። ሰው ከዛሬ ትንሽና ከነገ ብዙ የቱን እንደሚመርጥ ያጠናል።

«ከተማ ድረስ የሄድከው ይህን ልትማር ነው?» አለች ጎረቤቱ ሰርካለም ነጠላዋን እያጣፋች። «ሰው እንደ በግ መለየቱን እዚሁ እናስተምርህ አልነበር?»

እየሳቀች ወደ ፋሲካው ድንጋይ ሄደች። ሌላውም ተከተላት። ከመንደሩ ሰው አንድም ወደ ዛሬው ድንጋይ ዞር ያለ የለም።

ነቢዩ ደረቱ ውስጥ ተጠምጥሞ የከረመ ነገር ላላ አለለት። አምና በጾሙ እናቱ ወለተኪዳን ደውላ፣ «ነብዬ፣ አንድ ቀን መጥተህ እየኝ» ብላው ነበር። «ፈተና ደርሶብኛል እማዬ። ለፋሲካ መጥቼ ሁለት ሳምንት እከርምልሻለሁ» አላት።

«ሁለት ሳምንቱን ተወው ልጄ፤ አንዷ ቀን ትበቃኛለች።»

ፋሲካን አላየችም። ይኸው ዛሬ ግን መንደሩ ሁሉ እንደሱ መረጠ። በሱ ቦታ ማንም ቢሆን ያው ነበር የሚያደርገው።

«ጋሼ ወዳጆ፣ መጠበቁን ለምን መረጡ?» አለ ደስ ብሎት።

ጋሼ ወዳጆ የጓሳ ግጦሽና ሳር ጠባቂ ናቸው፤ የጋራው ሳር የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው። «ምኑን መረጥነው ልጄ? ጓሳ እኮ ዝግ ነው። እስኪከፈት አንዲት ዘለላ የሚነካ የለም።»

«ይሄ እኮ የተገዛ ነው!»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ሳር ተሸክሜ ስወርድ ያየኝ ሰው ከየት ገዛኸው አይለኝም፤ ወዳጆ ሰረቀ ነው የሚለው። ለፋሲካ ሲከፈት ግን ማን ያየኛል?» ከዘራቸውን ተደገፉ። «በዝግ ጊዜ ዛሬ ስጡኝ የሚል፣ ለፋሲካ እንደማይደርስ ያወቀ ሰው ብቻ ነው።»

የላላው ነገር ተመልሶ ተጠመጠመበት። ያን ጊዜ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አፋፉን ዋጠው።

ሰርካለም ሳቋን አቋረጠች። «ያቺ ደግሞ የማን ናት?»

በዛሬው ድንጋይ አጠገብ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። የቀኝ ትከሻዋ ዘንበል ያለ ነው። ነቢዩ ያንን ትከሻ ያውቀዋል፤ ታዝሎበታል።

«ዝም በይ» አሏት ጋሼ ወዳጆ ለሰርካለም፣ ባርኔጣቸውን እያወለቁ።

ነቢዩ ሸክሙን አቅፎ ሄደ። ሴትዮዋ ሳትዞር ጎንበስ አለችለት። ሳሩን ጀርባዋ ላይ አኖረ፤ ገመዱ ከእጁ ተስቦ ከረር አለ።

«እማዬ» አለ፣ «ትንሽ ቆዪኝ።»

አልቆየችም። ሳሩ እየተወዛወዘ ቁልቁል ወረደ። ከቆመው ሰው ሁሉ ሌባ ብሎ የጮኸ የለም።

እንግዲህ ምላሴን ለቀበሮ ከምሰጥ ልናዘዝ፤ አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ። ጉሙን። የዚያን ቀን ጓሳ ላይ ጉም የሚባል አልነበረም፤ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ነበር።