የአክሊሉ ድምፅ

ባለ ሁለት ካሴቱ ቴፕ ሆሳዕና ከተማ ከገባ ወዲህ፣ በ1979 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ደብዳቤ ጸሐፊ ሥራ ፈታ። የዘማች ቤተሰብ ወረቀቱን ትቶ በካሴት መላላክ ጀመረ። ዘፈን የሚያስቀዳውም የልጁን ድምፅ የሚሰማውም የሚሄደው ወደ ኤሊያስ ሱቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ጣቢታ ከጃጁራ መጥተው በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት ሰጡት። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

«አክሊሉ ከአስመራ ልኮልኝ ነው። ከሰዓት ስመለስ ታሰማኛለህ» አሉት።

ኤሊያስ ችኩል ሰው ነው፤ በዚያ ላይ የቅዳሜ ግርግር አለ። የእሳቸውን ካሴት ዘፈን ሊቀዳበት ካስቀመጠው ባዶ ካሴት ጋር አምታታው። ሲነቃ የልጅየው ቃል ድራሹ ጠፍቶ በቦታው ዘፈን ገብቷል። ምን ብሎ እንደነበር እንኳ አልሰማም።

እውነቱን ልናገር ብሎ ነበር፤ የእናትየው ፊት በዓይኑ መጣና አቃተው። ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። የጉራጌ ልጅ ቢሆንም ተወልዶ ያደገው ሆሳዕና ነውና ሀዲይኛ አቀላጥፎ ይናገራል።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ» አለ ድምፁን አጎርንኖ። «ብርዱ ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም። እዚህ ተራራ ላይ ሆኜ አንቺን አስባለሁ።»

ከዚያ ዳግመኛ እንዳይቀዳበት የካሴቱን የፕላስቲክ ጥርስ ሰበረ።

እማማ ጣቢታ ከሰዓት መጡና ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። የጃጁራ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ወንዳፈረው ዘፈን ወዳድ ስለነበረ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ በር አይጠፋም። ድምፁ ሲጀምር እማማ ጣቢታ ደንገጥ ብለው ኤሊያስን አዩት። አለቀልኝ አለ በልቡ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው፣

«ከፍ አድርገው» አሉ።

«ብርዱ ድምፁን ለውጦበታል» አለ ጓድ ወንዳፈረው ጆሮውን አቅንቶ። «የሌላውን ሰው ልጅ ከየጓሮው እያደንን ነው። የእርስዎ ግን ሳይጠሩት ዘመተ።»

እማማ ጣቢታ አለቀሱ። ኤሊያስ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ካሴቱን እሱ ዘንድ ትተውት ነበር። መጥተው በሩ ፊት ይቀመጣሉ፣ «ከፍ አድርገው» ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ሁለት ምላጭ ገዝተው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ እርጎ ይዘውለት መጡ። ኤሊያስ እርጎውን መጠጣት አልቻለም። የገዛ ድምፁ በሱቁ ውስጥ በተሰማ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር።

በሰኔ ለአንድ የሆመቾ ቤተሰብ የዘማች ልጃቸው መርዶ መጣ። ኤሊያስም ሰማ። አክሊሉም ሞቶ ቢሆንስ? የመጨረሻ ቃሉን ከእናቱ የነጠቀው እሱ ነው። ይባስ ብሎ በሙት ልጅ ስም እያወራ ሲያስለቅሳቸው ከርሟል።

እሑድ ካሴቱን በኪሱ ይዞ ጃጁራ ወረደ። እማማ ጣቢታ በራቸው ላይ እንሰት እየፋቁ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እማማ፣ የአክሊሉን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ የሚሰሙት ውሸታም እኔው ነኝ። እንዳይረግሙኝ።»

እማማ ጣቢታ ቀና ብለው መንገዱን ግራ ቀኝ አዩት። ከዚያ ወደ ጓሮው ዞረው በለሆሳስ ተጣሩ።

ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ወጣት የእንሰቱን ቅጠል ገለጥ አድርጎ ብቅ አለና እጁን ዘረጋለት፤ «ጋሽ ኤሊያስ፣ ለሊቀመንበሩ ጆሮ እኔ እዚህ ተደብቄ ከቀዳሁት ያንተው ይሻላል ብላኛለች እማዬ።»