የጋሽ ልሳነወርቅ ጥያቄ

ዩኒቨርሲቲ ሳለ መምህሩ ጋሽ ልሳነወርቅ አንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ሰጡት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እየመጣህ አብረን እንሞክረዋለን» አሉት። ጥያቄው ሳይፈታ ተመረቀና የቢራ ፋብሪካዎች አማካሪ ሆነ። የጭነት መኪኖችን ስምሪት እያሰላ ስሙ ተጠራ። ጥያቄውን ሳይፈታ መምህሩ ፊት መቆም ስላፈረ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት መሄዱን ተወ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፈታው። እየከነፈ መምህሩ ቤት ሲደርስ ደጃፉ ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል።

«እትዬ አሰገደች፣ ፈትቼው እኮ ነው የመጣሁት!» ብሎ ባለቤታቸው እግር ሥር ተደፋ።

እሳቸውም ደግፈው አነሡት።

«አይ ልጄ! ጋሽህማ ገና አንተ ተማሪ ሳለህ ፈትቶት ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰሌዳውን እየወለወለ፣ ‹አደራ እንዳትነግሪው፤ ካወቀ መምጣቱን ይተዋል› ይለኝ ነበር።»